ቁልፍ ሲጠፋ የሚጠሩት መነኩሴ

ጥያቄ፦ ካቶሊኳ ጎረቤቴ ቁልፍ በጠፋባት ቁጥር «ቅዱስ እንጦንዮስ!» ትላለች። የእኛው የግብጹ አባ እንጦንስ ነው? (ከለገጣፎ)

መልስ፦ አይደለም እህቴ፣ የፓዱዋው (የጣሊያን ከተማ ናት) ነው። ስሙን ግን የወረሰው ከግብጹ ነው፤ በፊት ፈርናንዶ ይባል ነበር። በ1195 ሊዝበን ተወለደ (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን ናቸው)። በ1220 ፍራንቸስካዊ ሆነ፤ ማለትም ቅዱስ ፍራንቸስኮስ የመሠረተው የመነኮሳት ማኅበር አባል። እኔ ኮተቤ ታክሲ ስጠብቅ የማያቸው አባ የሚለብሱት ዓይነት ቀሚስና ሦስት ቋጠሮ ያለው ገመድ የዚሁ ማኅበር ነው።

እኔን የሚገርመኝ ደብዳቤው ነው። ቅዱስ ፍራንቸስኮስ ትምህርት ወንድሞቹን እንዳያስታብይ ይሰጋ ነበር። ለእንጦንዮስ ግን ጻፈለት፦ ነገረ መለኮት አስተምራቸው፣ ብቻ የጸሎት መንፈስ እንዳይጠፋ። ሁለት መስመር ብትሆን ነው! እሱም ቦሎኛ ላይ አስተማረ።

ወደ ቁልፉ ልመለስ። አንድ ጀማሪ መነኩሴ የእንጦንዮስን መዝሙረ ዳዊት ይዞበት ጠፋ ይባላል። ያኔ መጽሐፍ በእጅ የሚጻፍ፣ ውድ ነገር ነው። የማስተማሪያ ማስታወሻውም እዚያው ላይ ነበር። ጸለየ፤ ልጁም መለሰለት።

በ1231 ፓዱዋ አጠገብ አረፈ። ዓመት ሳይሞላው ቅዱስ ተባለ፤ «የቤተ ክርስቲያን ሊቅ» (ካቶሊኮች በትምህርታቸው ለላቁ ቅዱሳን የሚሰጡት ማዕረግ ነው) ለመባል ግን እስከ 1946 ቆየ።

ለመሆኑ የጎረቤትሽ ቁልፍ ተገኘ?