መልስ፦ ሆም አሲስታንትን በኮምፒውተር ወይስ በስልክ?

«ሆም አሲስታንት፣ የቤቴን መብራትና ዕቃ የማዝበት ሶፍትዌር፣ ስልኬ ላይ ይከፈታል፣ ኮምፒውተሩ ላይ እምቢ አለኝ፤ ለመሆኑ የትኛው ይሻላል?» ላሉት፦

መጀመሪያ ኮምፒውተሩ የእንግዳ ዋይፋይ ላይ አለመሆኑን፣ ቪፒኤንም አለመብራቱን ይዩ። በሁለቱም ሁኔታ ሃቡን (ሆም አሲስታንት የሚሠራበትን ዋና መሣሪያ) ላያገኘው ይችላል። ከዚያ ብራውዘሩ ላይ የሃቡን አይፒ አድራሻ (በቤትዎ ኔትወርክ ላይ ያለውን ቁጥር) ከነፖርቱ (ከሁለት ነጥቡ በኋላ ካለው ቁጥር ጋር) ይጻፉ፤ ለምሳሌ 192.168.1.50:8123። ብራውዘሩ አድራሻውን በራሱ ኤችቲቲፒኤስ (የተመሰጠረ ግንኙነት) ካደረገው ወደ ኤችቲቲፒ ይመልሱት፣ ሃቡ ላይ ሰርተፊኬት ካልጫኑ በኤችቲቲፒኤስ አይከፍትም። ዛሬ ሠርቶ ነገ እምቢ ካለ ራውተሩ አድራሻውን ቀይሮት ሊሆን ይችላል፤ ራውተሩ ውስጥ ገብተው ለሃቡ ቋሚ አድራሻ ይያዙለት።

ምርጫው እንደ ሥራው ነው። አውቶሜሽን (መብራት በሰዓቱ ይብራ ዓይነት ትእዛዝ) ለመጻፍ ኮምፒውተር፤ ያምል ፋይል (ትእዛዙ በጽሑፍ የሚሰፍርበት) በስልክ ማረም ራስን መቅጣት ነው፣ መስመሩ ፊት ያለው ክፍተት በአንድ ቢዛነፍ እንኳ ፋይሉ ስህተት ሊሰጥ ይችላል። አዲስ የማተር (የተለያዩ አምራቾች ዕቃዎች የሚግባቡበት መስፈርት) አምፖል ሲያስገቡ ግን ስልኩን ያንሱ፤ ኪውአር ኮዱን በካሜራ አንብቦ በብሉቱዝ የሚያገናኘው እሱ ነው። ከቤት መውጣት መግባትዎንም የሚያውቀው ስልኩ ነው፣ ለሆም አሲስታንት መተግበሪያ የቦታ ፈቃዱን «ሁልጊዜ» ላይ ካደረጉለት።

ኮምፒውተሩን ቢያጠፉት መብራቱ በሰዓቱ ይበራል፤ ትእዛዙ የተቀመጠው ሃቡ ውስጥ ነው።