«በዚህ ዕድሜዬ ስለ እንዲህ ያለ ጉዳይ በስልክ ባማክር ይጠቅመኛል?»

ጥያቄ፦ የ59 ዓመት ሴት ነኝ። ባለቤቴ ካረፈ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ኤች አይ ቪ በደሜ ውስጥ መኖሩን ካወቅሁ ጀምሮ መድኃኒቴን አቋርጬ አላውቅም፤ ልጆቼም ያውቃሉ። በቅርቡ እንደኔው የትዳር አጋሩን በሞት ያጣ አንድ ሰው ለትዳር ጠይቆኛል። እኔም ወድጄዋለሁ፤ ስለ ቫይረሱ ግን እስካሁን አልነገርሁትም። በጤና ጣቢያ የምታማክረኝ ባለሙያ የልጄ እኩያ ስለሆነች ይህን ጉዳይ ፊት ለፊት ላነሳባት አፈርሁ። በስልክ ማማከር ይቻላል ሲሉ ሰምቻለሁ። እውነት ይጠቅማል? ለሰውዬውስ ምን ብዬ ልንገረው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከሁሉ አስቀድመን ጥያቄዎ በዕድሜዎ የሚያሳፍር እንዳልሆነ አጥብቀን ልንነግርዎ እንወዳለን። ነፃ የፀረ ኤች አይ ቪ ሕክምና በአገራችን በ1997 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ፣ ያኔ ጎልማሳ የነበሩ ብዙ ሰዎች መድኃኒታቸውን እየወሰዱ ልጅ ድረዋል፣ የልጅ ልጅም አይተዋል፤ ከእነርሱም መካከል እንደርስዎ ብቻቸውን ቀርተው እንደገና የኑሮ አጋር የሚሹ አሉ። ይሁን እንጂ ስለ ጥንቃቄ የሚሰጠው ትምህርት በአብዛኛው ወጣቱን ያሰበ ነው። ፀጉሩ የሸበተ ታካሚም ስለ ደም ግፊቱና ስለ ጉልበቱ ይጠየቃል እንጂ አብሮት የሚኖር ወይም የሚያስበው ሰው ስለመኖሩ የሚጠይቀው ጥቂት ነው። ይህ ልማድ መታረም አለበት ብለን እናምናለን።

ስልክ የሚጠቅመውም እዚህ ላይ ነው፤ አማካሪው ፊትዎን አያይም፣ በወረፋ ላይ የሚያገኝዎ የሰፈር ሰውም የለም። በአገራችን 952 የተባለው ነፃ የስልክ መስመር ስለ ኤች አይ ቪ መረጃና ምክር በመስጠት ብዙዎች ያውቁታል። ስምዎን መናገር ካልፈለጉ ገና ሲጀምሩ ይህንኑ ይግለጹ። ይሁን እንጂ አንድ ጊዜ ደውለው እንዳይተዉት እንመክርዎታለን። እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ የወጣ አንድ ጥናት ቫይረሱ በደማቸው ያለ፣ ዕድሜያቸው 45 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ 100 ሰዎችን ተከታትሎ ነበር። አራት ጊዜ በስልክ ምክር ያገኙት ያለ ኮንዶም የሚፈጽሙት ግንኙነት ምክሩን ካላገኙት ጋር ሲነጻጸር በእጅጉ ያነሰ ሆኖ ሲገኝ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የተመከሩት ግን ካልተመከሩት የተለየ ለውጥ አላሳዩም። ጥናቱ አነስተኛ ቢሆንም ውጤቱ አያስገርምም፤ ሰው በመጀመሪያው ጥሪ ብዙውን ጊዜ ዙሪያውን ይናገራል፣ የልቡን የሚያወጣው ድምፁን ከለመደው ሰው ጋር ነው።

ሲደውሉ ቤት ውስጥ ሰው የሌለበትን ሰዓት ይምረጡ፣ የስልኩን ድምፅ ማጉያ ያጥፉ፣ የመድኃኒትዎን ስምና የመጨረሻውን የቫይረስ መጠን ምርመራ ውጤት ከነቀኑ በወረቀት ጽፈው አጠገብዎ ያስቀምጡ። አማካሪው አስቀድሞ የሚያስፈልገው ይህንን ነው። ምክንያቱም መድኃኒቱን በአግባቡ በመውሰድ የቫይረሱ መጠን በምርመራ ከማይታይበት ደረጃ ላይ የደረሰና በዚያው የቆየ ሰው ቫይረሱን በግብረ ሥጋ ግንኙነት ወደ አጋሩ አያስተላልፍም። በ14 የአውሮፓ አገሮች አንዱ ቫይረሱ ያለበት፣ ሌላው የሌለበት 888 ጥንዶች ተጠንተው፣ ኮንዶም ሳይጠቀሙ ቢኖሩም በሕክምና ላይ ካለው ወደ አጋሩ የተላለፈ አንድም ቫይረስ አልተገኘም። የዓለም ጤና ድርጅትም ይህንኑ እ.ኤ.አ. በ2023 አረጋግጧል። ስለዚህ ውጤትዎ ከዓመት በላይ የቆየ ከሆነ ትዳሩ ከመፈጸሙ በፊት እንዲታደስልዎ ይጠይቁ። እርሱም እስኪመረመር ድረስ ኮንዶም መጠቀሙ ተገቢ ነው፤ ኮንዶም ከሌሎች የአባላዘር በሽታዎችም ይከላከላል።

ሴቶች ለመጠየቅ የሚያፍሩት ሌላም ነገር አለ። የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ የብልት መድረቅ የተለመደ ነው፤ ሕመም ያስከትላል፣ ኮንዶምም እንዲቀደድ ያደርጋል። ለዚህ ውኃ ነክ ማለስለሻ ከመድኃኒት ቤት ይገዛል። ቫዝሊንና ዘይት ግን የላቴክስ ኮንዶምን ስለሚያበላሹ አይጠቀሙባቸው። ይህን የሚያነቡ ወንድ አንባቢዎቻችንም ለብልት መቆም ችግር የሚሸጡ እንክብሎች ሪቶናቪር ካለባቸው የኤች አይ ቪ መድኃኒቶችና ከአንዳንድ የልብ መድኃኒቶች ጋር ሲወሰዱ አደገኛ ሊሆኑ እንደሚችሉ አውቀው ሐኪም ሳያማክሩ እንዳይወስዱ እናሳስባለን።

ለሰውዬው ስለሚነግሩት ነገር በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ጥሪ አማካሪውን እንዲያለማምድዎ ይጠይቁ። እርሱ በሰውዬው ቦታ ሆኖ «ከመቼ ጀምሮ ነው? ለምንስ እስከ ዛሬ ዝም አሉኝ?» እያለ ይጠይቅዎት፣ እርስዎም ድምፅዎ እስኪረጋጋ ድረስ ይመልሱ። ለመጀመሪያው ቃል ይህን ያህል ይበቃል፦ «ትዳሩን ከመወሰናችን በፊት ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ። ቫይረሱ በደሜ አለ፤ መድኃኒቴን እየወሰድሁ ነው፤ መጠኑ በምርመራ ከማይታይበት ደረጃ ወርዷል (ይህን ውጤትዎ ካሳየ ብቻ ይበሉ)፤ ሐኪሙ ራሱ እንዲያስረዳዎት እፈልጋለሁ።» ብዙ የሃይማኖት ተቋማት ከጋብቻ በፊት የምርመራ ውጤት ስለሚጠይቁ፣ ሰውዬው ነገሩን ከወረቀት ሳይሆን ከእርስዎ አንደበት አስቀድሞ ቢሰማው እጅግ ይሻላል። ንዴቱን የሚፈሩ ከሆነ ግን ብቻዎን አይንገሩት፤ ጤና ጣቢያው ለጥንዶች ምክር ስለሚሰጥ በባለሙያ ፊት ይንገሩት። በዚያም በዕድሜ ለእርስዎ የሚቀርብ ሌላ አማካሪ እንዲመደብልዎ መጠየቅ መብትዎ ነው። እርሱ ተመርምሮ ከቫይረሱ ነፃ ሆኖ ከተገኘና የእርስዎ የቫይረስ መጠን ገና ካልወረደ፣ እርሱ ቅድመ ተጋላጭነት መከላከያ መድኃኒት (ቫይረሱ የሌለበት ሰው እንዳይያዝ አስቀድሞ የሚወስደውን) ስለመውሰዱ አብራችሁ ሆናችሁ ሐኪሙን ጠይቁ።