ዶሮ ወጥ ሥር ኬክ ለምን ይመጣል?

እህቴ፣ «ስለ ዶሮ ወጥ አሠራር ጽፌ ከሥሩ 'ተዛማጅ ጽሑፎች' በሚለው ቦታ የልደት ኬክ ይወጣል፤ ዌብሳይቱ በምን እየወሰነ ነው?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔንም ያንገበገበኝ ነገር ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ሥራው ቆጠራ ነው። ሶፍትዌሩ የሁለቱን ጽሑፎች ቃላት ያስተያያል። «ነው» እና «ላይ» የትም ስላሉ ዋጋ የላቸውም። ጥቂት ጽሑፎች ላይ ብቻ የሚገኝ ቃል ግን ክብደት አለው። ካረን ስፓርክ ጆንስ የምትባል እንግሊዛዊት በ1972 እ.ኤ.አ. ያቀረበችው ሐሳብ ነው፤ እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

ጣጣው አማርኛ ላይ ነው። የእኔ ሳይት ዎርድፕሬስ በሚባለው የዌብሳይት መሥሪያ ሶፍትዌር የተሠራ ነው። ተዛማጅ ጽሑፎችን እንዲመርጥልኝ የጫንኩት ፕለጊን (ሳይቱ ላይ የሚገጠም ተጨማሪ ፕሮግራም) ጽሑፎቹ የሚቀመጡበትን ዳታቤዝ፣ የማይኤስኪውኤልን፣ የጽሑፍ ፍለጋ ይጠቀማል። ያ ዳታቤዝ ደግሞ ማንም ካልነካካው ከ3 ፊደል ያነሰ ቃል ይዘላል፤ በድሮው የሠንጠረዥ ዓይነት እንዲያውም ከ4 ያነሰውን። እንግሊዝኛ ላይ ብዙም አይጎዳም። አሁን የእኛን ቁጠሪ። ዶሮ፣ ሁለት። ወጥ፣ ሁለት። ጤፍ፣ ቡና፣ በግ፣ ጨው፣ ሁሉም ሁለት ሁለት። ዶሮውም ወጡም ተጥሎ ምን ተረፈ? እንቁላል፣ ማንኪያ፣ ደቂቃ። ኬኩም ውስጥ ያሉት እነሱው ናቸው!

«ሽንኩርትስ ከምስር ወጥ ጋር አያገናኘውም?» ትዪኝ ይሆናል። አንዱ ላይ «ሽንኩርቱን»፣ ሌላው ላይ «በሽንኩርት» ብለሽ ከጻፍሽ ለኮምፒውተሩ የማይተዋወቁ ሁለት ቃላት ናቸው።

ትላልቆቹ ሳይቶች ቃል ብቻ አያዩም። ይህን ያነበበ ሰው ቀጥሎ ምን ከፈተ ብለው ይከታተላሉ። በቀን 40 ሰው ለሚገባበት የእኔ ቤት ግን ይሄ አያዋጣም።

የፊደሉን ልክ ወደ 2 ማውረድ ይቻላል፣ ግን ሰርቨሩ እንደገና መነሳት፣ ዳታቤዙ ቃላቱን የመዘገበበት ማውጫም እንደገና መሠራት አለበት። ሳይቴን ያስቀመጥኩበት ድርጅት እምቢ አለኝ። ስለዚህ ፕለጊኑ የጽሑፉን አካል ትቶ ታግ (እኛው ጽሑፉ ላይ የምንለጥፈውን መለያ ቃል) ብቻ እንዲያይ አደረግኩ። «ምግብ» የሚል ታግ አታድርጊ፤ ሁሉም ላይ ስለሚለጠፍ እንደ «ነው» ነው። «የጾም» እና «የፍስክ» የሚለውን ግን እንዳትረሺ። በሁዳዴ ሽሮ ሥር ክትፎ መጥቶብኝ አንባቢዎቼ ጉድ አድርገውኛል።

አጻጻፍም ላይ አንዱን ያዢ። እኔ ግማሹን «አሠራር»፣ ግማሹን «አሰራር» ብዬ ታግ አድርጌ፣ 60 ጽሑፍ አንድ በአንድ ከፍቼ አስተካክያለሁ።