አባቴ «ማሳዬን አላስለካም» አሉ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አባቴ ጅማ ዞን ውስጥ ገበሬ ናቸው። ቡናቸው ከአንድ ሄክታር አይበልጥም፣ ግማሹ ጓሮ፣ ግማሹ ጫካው ጥግ ነው። ሰሞኑን ልጆች ስልክ ይዘው መጥተው «ለአውሮፓ ገበያ ስለሆነ ማሳዎን እንለካ» ቢሏቸው ከበር መለሷቸው። «ዛሬ ይለካሉ፣ ነገ ግብር ይጨምራሉ፣ ከነገ ወዲያ ይወስዱታል» ይላሉ። ለመሆኑ የአውሮፓ ሕግ ጅማ ድረስ ምን አገባው? ምን ብዬ ልምከራቸው?
ልጃቸው፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ወንድሜ፣ የአባትህ ስጋት ይገባኛል። ገመድና ሜትር ሲያይ ልቡ የማይፈራ ገበሬ የለም። ይሄኛው ልኬት ግን ሌላ ነው፣ ረጋ ብለህ አስረዳቸው።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ሕግ አወጣ። ቡና፣ ካካዎ፣ የዘንባባ ዘይት፣ አኩሪ አተር፣ ጎማ፣ እንጨትና የቀንድ ከብት ውጤት ደን ተመንጥሮ የተመረተ ከሆነ ገበያዬ አይገባም ይላል። ሕጉ አባትህን አያዝም፣ የሚያዘው እዚያ ያለውን አስመጪ ነው። አስመጪው ቡናው የበቀለበትን ቦታ ካላስመዘገበ መሸጥ አይችልም። ስለዚህ ላኪውን ይጠይቃል፣ ላኪው አቅራቢውን፣ አቅራቢው ማህበሩን፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ጥያቄው አባትህ በር ላይ ይደርሳል። ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ሁለቴ ተራዝሟል። አሁን ለትልልቆቹና ለመካከለኞቹ ድርጅቶች የተቆረጠው ታህሳስ 21 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው።

ከ4 ሄክታር ለማይበልጥ ማሳ የሚፈለገው ካርታ ላይ የምትቀመጥ አንዲት ነጥብ ብቻ ናት። ልጁ ቡናው መሀል ቆሞ ስልኩን ይነካል፣ ቦታውን የሚያመለክቱ፣ ከነጥብ በኋላ ስድስት አሃዝ ያላቸው ሁለት ቁጥሮች ይወጣሉ። በቃ። ዙሪያውን እንዙር ካሏቸው ሕጉ ያስገደደው እንዳልሆነ ይወቁ።

ዋናው ነገር ቀኑ ነው፦ ታህሳስ 22 ቀን 2013 ዓ.ም.። ከዚያ ወዲህ ደን ተመንጥሮ የተተከለ ቡና አይገባም። ሕጉ የሚከለክለው ደኑን ወደ እርሻ መለወጥን ነው እንጂ በሰሳና በዋንዛ ጥላ ሥር የበቀለ የጫካ ቡና መልቀምን አይደለም።

እኔን የሚያሳስበኝ ሳተላይቱ ነው። ከላይ ሲታይ የጥላ ዛፍ ያለው ማሳ ደን ይመስላል። አባትህ ያረጀ ቡና ቢጎነድሉ ወይም አንድ ሁለት የጥላ ዛፍ ቢያነሱ፣ ካርታውን የሚያነበው ሰው «እዚህ ደን ጠፍቷል» ሊል ይችላል። እውነቱን ልንገርህ፣ ይሄ ያበሳጨኛል። ዕድሜ ልካቸውን ዛፉን ጠብቀው የኖሩት ሰዎች ናቸው ዛሬ አልቆረጥንም ብለው ማስረጃ የሚያቀርቡት፣ ሕጉ ደግሞ ለተለካ ቡና የተሻለ ዋጋ ይከፈል አይልም። ዓላማውን ግን እደግፋለሁ። ጥላው ከሄደ ቡናው እንደማይቆይ ከአባትህ በላይ የሚያውቅ የለም።

እምቢ ማለታቸው ግን ራሳቸውን ይጎዳል። ከየት እንደመጣ ያልታወቀ እሸት ቡና ከሌላው ጋር ከተቀላቀለ ሙሉው ጭነት አውሮፓ አይገባም። ስለዚህ ማህበሩ ነገ «ያልተለካ አንቀበልም» ቢላቸው አትገረም።

በኔ በኩል ያስለኩ እላለሁ፣ ግን ባዶ እጃቸውን አይቅሩ። ማን እንደለካ፣ መረጃው ለማን እንደሚሄድ ይጠይቁ። የተመዘገበውን ስምና ቁጥር በወረቀት ይቀበሉ፣ አንተም በስልክህ ፎቶ አንሳው። ቁጥሩን ካርታ ላይ አስገብተህ እየው፣ ነጥቧ ጎረቤት ማሳ ላይ ወድቃ ሊሆን ይችላል። ስማቸው ከይዞታ ደብተራቸው ጋር አንድ መሆኑንም አረጋግጥ። ነጥቧ ይዞታ አትቀይርም፣ ማስረጃቸው ያው ደብተሩ ነው።

በጫካው በኩል ትንሽ ለማስፋት አስበው ከሆነ ግን ከአሁኑ ይተዉት። ማሳው ውስጥ የተመነጠረ ደን ከተገኘ ከዚያች ጥግ የተለቀመው ብቻ አይደለም የሚወድቀው፣ አያትህ የተከሉት የጓሮ ቡና እንኳ በዚያችው ነጥብ ከተመዘገበ አብሮ ይወድቃል።