ልጄ የተጠመቀው በፕላስቲክ ገንዳ ነው፤ ጥምቀቱ ይጎድላል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? የምኖረው እንግሊዝ አገር ነው። ባለፈው ሄርፎርድሺር ውስጥ ካስል ፍሮም የምትባል የገጠር መንደር ሄጄ በቅዱስ ሚካኤል ስም የተሠራውን ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አየሁ። ውስጡ ከድንጋይ የተፈለፈለ ትልቅ የመጠመቂያ ገንዳ አለ፤ የጌታ ጥምቀት ተቀርጾበታል። ሳየው ከፋኝ። የእኔ ልጅ በ40 ቀኑ የተጠመቀው በተከራየነው አዳራሽ፣ በፕላስቲክ ገንዳ ነው። ጥምቀቱ ይጎድላል ወይ? ከተጠመቀበት ውኃም ለበረከት ብዬ በጠርሙስ ይዤ መጥቻለሁ፤ እስካሁን ቤቴ አለ። ምን ላድርገው? ሁለተኛ ልጅም እየጠበቅን ነው፤ እዚያ ድንጋይ ላይ ማስጠመቅ እንችላለን?

መልስ፦ እኅቴ፣ ምንም አይጎድለውም። ካህኑ ውኃውን ባርኮ፣ ልጅሽን በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም ሦስት ጊዜ ነክሮ አውጥቶ፣ ሜሮን ቀብቶ፣ ሥጋውንና ደሙን አቀብሎታል። ከዚህ በላይ ምን ይጨመራል? ጃንደረባውን አስቢ። ከኢየሩሳሌም ሲመለስ ፊልጶስ ሠረገላው ላይ ወንጌል ሰበከለት፤ ውኃ ሲያዩ «እነሆ ውኃ፤ እንዳልጠመቅ የሚከለክለኝ ምንድር ነው?» አለ (የሐዋ. 8፥36)። የመንገድ ዳር ውኃ ነበር። ገንዳ አልነበረም፣ ቅርጻ ቅርጽም አልነበረም። የኢትዮጵያ ጥምቀት የጀመረው በዚያ ውኃ ነው።

ያን ድንጋይ አይተሽ ማዘንሽ ግን አሳዘነኝ፣ ምክንያቱም ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው ያየሽው። የተቀረጸው በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ጌታ ውኃው ውስጥ ቆሟል፤ ውኃው ውስጥ ዓሣ አለ። ዮሐንስ አጠገቡ ነው፣ ከላይ የአብ እጅ፣ ርግብም አለች። ዞር ብለሽ ካየሽው ደግሞ አርባዕቱ እንስሳ፣ ማለትም ገጸ ሰብእ፣ ገጸ አንበሳ፣ ገጸ ላሕምና ገጸ ንስር፣ ለአራቱ ወንጌላውያን ምሳሌ ሆነው ተቀርጸዋል። የእኛን ቤተ ክርስቲያን ሥዕል እያየ ያደገ ሰው ያለ አስተርጓሚ ያነበዋል።

ጥልቀቱንስ ልብ ብለሽዋል? ሕፃን መላ ሰውነቱ ይገባበታል። ዛሬ በምዕራቡ ዓለም ብዙ ቦታ ራስ ላይ ጥቂት ውኃ አፍስሰው ስለሚያበቁ፣ ሕፃን መንከር የእኛና የምሥራቆቹ ልማድ ብቻ የሚመስለው ሰው አለ። አይደለም። እንግሊዞች በ1549 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ባሳተሙት የጸሎት መጽሐፍ እንኳ ካህኑ ሕፃኑን ሦስት ጊዜ እንዲነክር ታዝዟል፤ መጀመሪያ በቀኝ ጎኑ፣ ቀጥሎ በግራ ጎኑ፣ በመጨረሻ በፊቱ በኩል። ለደከመ ሕፃን ብቻ ማፍሰስ ተፈቀደ። በ1552 በወጣው እትም ሦስቱ ወደ አንድ ወረደ፣ እየቆየም መንከሩ ራሱ እየቀረ ሄደ። እንግዲህ ያ ድንጋይ የተፈለፈለለትን ሥራ የእናንተ ካህን በፕላስቲክ ገንዳ ሠርቶታል። ከክርስቶስ ጋር መቀበርና መነሣት ነውና (ሮሜ 6፥4)፣ ልጅሽ ገብቶ ወጥቷል።

አሁን ወደ ጠርሙሱ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ ነው የምናገረው። ያ ድንጋይ በተቀረጸበት በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ አገር የጥምቀቱ ውኃ የሚባረከው በተለይ ለትንሣኤና ለጰራቅሊጦስ ዋዜማ ነበር፤ ከዚያ ገንዳው ውስጥ ይቀመጣል። ሰዎች እየቀዱ ለጥንቆላ ይወስዱት ጀመር። ስለዚህ በ1236 የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ኤድመንድ ገንዳዎቹ ተከድነው እንዲቆለፉ አዘዘ። የቁልፉ ብረት የተተከለበት ምልክት ዛሬም በብዙ አሮጌ ገንዳዎች ጠርዝ ላይ ይታያል። አንቺ በቅን ልብ እንደወሰድሽው አውቃለሁ። ነገር ግን ውኃውን ለሌላ ነገር የሚፈልግ ሰው ዛሬም አይጠፋም፣ «ስጪኝ» ብሎ የሚለምንሽ ዘመድም ሊመጣ ይችላል። በእኛ ሥርዓት ውኃው ለጥምቀቱ ይባረካል፣ ሲያበቃ እግር በማይረግጠው ንጹሕ ቦታ ይፈሳል። ለበረከት የምንጠጣውና ወደ ቤት የምንወስደው ጸበል ነው። ስለዚህ ጠርሙሱን ለካህኑ መልሺለት። ሩቅ ከሆነብሽ ደውለሽ ጠይቂው፤ እሱ በሚነግርሽ ንጹሕ ቦታ፣ ዛፍ ሥር ወይም ግቢ ጥግ ታፈሺዋለሽ። የዕቃ ማጠቢያ ውስጥ እንዳትደፊው ብቻ አደራ።

ለሚመጣው ልጅ ደግሞ በሌላ ቤተ ክርስቲያን ገንዳ ማስጠመቅ የአንቺና የባልሽ ውሳኔ አይደለም፤ ካህኑ ነው የሚጠየቀው፣ እሱም ከሊቀ ጳጳሱ ፈቃድ ይጠይቃል። ቢፈቀድ መልካም። ካልተፈቀደ ወይ መልሱ ከዘገየ ግን ለድንጋዩ ውበት ብላችሁ ቀኑን እንዳታሳልፉት። ወንድ ከሆነ በ40፣ ሴት ከሆነች በ80 ቀኗ ነው። ከአሁኑ የክርስትና አባት ወይም እናት የሚሆን፣ ንስሐ አባት ያለውና የሚቆርብ ሰው ፈልጉ፤ ውጭ አገር ከገንዳው ይልቅ እሱ ነው የሚቸግረው።