መላጨቱን ወድጄዋለሁ፣ አንገቴ ግን እምቢ አለ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከጎንደር ነው። ዕድሜዬ 31 ነው፣ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ሆኜ እሠራለሁ። አጎቴ አንድ የድሮ የብረት መላጫ ሰጠኝ፤ ምላጩ እየተፈታ የሚቀየር ዓይነት ነው። ከዚያ ብሩሽ ገዛሁ፣ የመላጫ ሳሙና አስመጣሁ። አሁን ጠዋት አረፋ መትቼ ካልተላጨሁ ቀኑ የጀመረ አይመስለኝም፣ እውነቴን ነው፣ የምወደው ሰዓት ሆኗል። ሦስት ዙር ነው የምላጨው፤ የመጨረሻውን ከታች ወደ ላይ፣ ቆዳዬን ወጥሬ፣ በእጄ ስዳስስ ምንም እስኪጠፋ ድረስ። ግን አንገቴ ላይ ትናንሽ እብጠቶች ወጡ። ያሳክካሉ፣ ሲድኑም ጥቁር ምልክት ይተዋሉ። ባለቤቴ «ተወው» ትላለች፣ ጓደኛዬ «ሎሚ እሸው» ይለኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ልብዎን ላሳርፈው። ለዘለዓለም ይተዉት አልልዎትም። ጠዋት ለራሱ ሩብ ሰዓት ሰጥቶ፣ ጺሙን በሙቅ ውሃ አለስልሶ ቀስ ብሎ የሚላጭ ሰው፣ ደረቅ ፊቱን ሁለቴ ጎትቶ ወደ ሥራ ከሚሮጠው ሰው ይልቅ ቆዳውን ይንከባከባል። መሣሪያዎም ጥሩ ነው። ያስቸገረዎ ያ «ምንም እስኪጠፋ» ያሉት ነገር ነው።

የእኛ ሰው ጺም ብዙ ጊዜ ይጠቀለላል። የሚጠቀለል ጸጉር ከሥሩ ሲቆረጥ ጫፉ ስል ሆኖ ይቀራል። ከዚያ ሲያድግ ይታጠፍና አጠገቡ ያለውን ቆዳ ወግቶ ተመልሶ ይገባል። ቆዳ ተወጥሮ በተቃራኒ አቅጣጫ ሲላጭ ደግሞ ይብሳል፤ ጸጉሩ ከቆዳው ወለል በታች ይቆረጥና ገና ሳይወጣ የበቀለበትን ቀዳዳ ጎን ይበሳል። ሰውነት የገባበትን ጸጉር እንደ ባዕድ ነገር ይቆጥረዋል፣ ይዋጋዋል፣ ቦታው ያብጣል። ስለዚህ ይሄ የተለመደው ብጉር አይደለም፣ ከንጽህና ጉድለትም የመጣ አይደለም። ባለ ሦስትና ባለ አምስት ምላጭ መላጫ ቢገዙም አያድንዎትም። የፊተኛው ምላጭ ጸጉሩን ይስበዋል፣ ተከታዩ ከቆዳ በታች ይቆርጠዋል። አሜሪካዊው የመላጫ ሠሪ ጂሌት እ.ኤ.አ. በ1904 የፈጠራ መብት ያስመዘገበው ባለ አንድ ምላጭ መላጫ፣ የአጎትዎ ዓይነቱ ማለት ነው፣ ለእንደ እርስዎ ያለ ጺም እስከ ዛሬ ጥሩ ምርጫ ነው።

አሁን ምላጩን ለአንድ ወር ያህል ያስቀምጡት። ይከብድዎታል፣ አውቃለሁ። ግን የገባው ጸጉር አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲደርስ እንደ ሞላ ተስፈንጥሮ ራሱን ነቅሎ ይወጣል፤ ይህ እስኪሆን በላዩ ላይ እየላጩ ቁስሉ አይድንም። ሥራዎ ያን ያህል ማሳደግ ካልፈቀደ በማሽን አሳጥሩት፣ ማሽኑን ግን ቆዳ ላይ አይጫኑት፣ ቢያንስ አንድ ሚሊ ሜትር ይተዉ። ደስ የሚለው፣ ብሩሹን መተው የለብዎትም! ጠዋት ሙቅ ውሃና አረፋ ይዘው አንገትዎን በለስላሳው ብሩሽ ክብ ክብ እያደረጉ በቀስታ ማሸት የተቀበረውን የጸጉር ጫፍ ለማውጣት ይረዳል። ሕክምናም ነው፣ ልማድዎም አይቋረጥም። በወስፌ ወይም በመርፌ መቆፈር ግን የለም። በወረንጦ መንቀልም የለም፣ የተነቀለው ሲበቅል እንደገና ቆዳውን ይወጋል።

ወሩ አልፎ ሲመለሱ አንድ ዙር ብቻ ይላጩ። አንድ። አቅጣጫውን አስቀድመው በጣትዎ ይፈልጉት። የአንገት ጺም ተንኮለኛ ነው፤ ከአገጭ ሥር ወደ ታች፣ ከጉሮሮ አካባቢ ወደ ጎን ወይም ወደ ላይ ሊበቅል ይችላል። ጣትዎ ሳይሻክረው በሄደበት በኩል ምላጩም ይሂድ። ከመጀመርዎ በፊት ሁለት ሦስት ደቂቃ በሙቅ ውሃ የተነከረ ፎጣ ያድርጉበት፣ ውሃ የጠገበ ጸጉር በቀላሉ ይቆረጣል። (ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማችን አንድ ኩባያ የፈላ ውሃ ለሁሉም ይበቃል፤ በዚህ በኩል ቆጣቢ ልማድ ነው።) ቆዳዎን አይወጥሩ፣ አይጫኑ፣ የብረቱ ክብደት ራሱ ይቁረጥ። ምላጩን ከአምስት እስከ ሰባት ጊዜ ተላጭተውበት ይቀይሩት፣ መጎተት ከጀመረ ደግሞ ከዚያም በፊት። ሲጨርሱ በቀዝቃዛ ውሃ ታጥበው ሽቶ የሌለው ቅባት በስሱ ይቀቡ። አልኮል የበዛበትን ይተዉት፣ ያቃጥላል እንጂ እብጠቱን አይከላከልም። ከዚህ በኋላ ፊትዎ ላይ ትንሽ ሻካራነት ይቀራል። ይቅር። ጠረጴዛው ማዶ የቆመ እንግዳ ያንን አያየውም፣ የአንገትዎን እብጠት ግን ያየዋል።

በየቀኑ መላጨት በራሱ ጥፋት አይደለም። እንዲያውም ጸጉሩ ታጥፎ የሚወጋበት ርዝመት ላይ ሳይደርስ ስለሚቆረጥ በየቀኑ መላጨት የሚስማማቸው ሰዎች አሉ። ሲመለሱ በቀን ወይም በሁለት ቀን ሞክረው አንገትዎ የሚለውን ይስሙ።

ሎሚውን እባክዎ ይተዉት። የሎሚ ጭማቂ ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል፣ ጥቁር ምልክትም ይተዋል። ጎንደር ደግሞ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ ፀሐይዋ ቀልድ አታውቅም። ከሎሚው ይልቅ የሚያስፈራኝ ግን ፊት ያቀላሉ ተብለው በየሱቁ የሚሸጡት ስቴሮይድ የሚባል ኃይለኛ የእብጠት መድኃኒት ያለባቸው ቅባቶች ናቸው። ሲቀቡት እብጠቱ ቶሎ ይጠፋል፣ ሰው ይደሰታል፣ ለወራት ይቀጥላል፣ ከዚያ ቆዳው ይሳሳል፣ ብጉር ይወርረዋል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይጀምሩት። ጥቁሩ ምልክት እብጠቱ ሲቆም በወራት ውስጥ ቀስ እያለ ይደበዝዛል፤ ትዕግሥት ይፈልጋል።

ስለ ብሩሹም ልንገርዎ፣ ብዙ ሰው አይጠይቅም። ብዙዎቹ ብሩሾች ከአሳማ ወይም ከሌላ እንስሳ ጸጉር ይሠራሉ። በሃይማኖትዎ ምክንያት የሚያሳስብዎ ከሆነ ሰው ሠራሽ ጸጉር ያለው አለ፣ ቶሎም ይደርቃል። የትኛውንም ቢይዙ አጥበው፣ አራግፈው፣ አየር የሚያገኝበት ቦታ ያስቀምጡ።

መላጫዎን ለማንም አያውሱ፣ ለወንድምዎም ቢሆን። የጉበት ቫይረስ ቢ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ ሰባት ቀን በሕይወት ሊቆይ ይችላል፣ ለዓይን የማይታይ የደም ጠብታም ይበቃዋል። ፒያሳም ሆነ አዘዞ ጸጉር ቤት ገብተው ከተላጩ አዲስ ምላጭ ዓይንዎ እያየ ይከፈት፤ አሮጌውን በእሳት ብልጭ አድርጎ ማሳለፍ ዋስትና አይሆንም። ያገለገለውን ምላጭ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ያጠራቅሙት፣ ቆሻሻ የሚያነሱ ሰዎች እጅ እንዳይቆርጥ።

እብጠቱ መግል ከያዘ፣ ቅላቱ ከሰፋ፣ ትኩሳት ከመጣ ሳይቆዩ ይታዩ። ክብ ሆኖ እየሰፋ የሚያሳክክና የሚቀረፍ ከሆነ ጭርት ሊሆን ይችላል፣ መድኃኒቱም ሌላ ነው። እየጠነከረና እያደገ የሚሄድ ጠባሳ ካዩ መላጨቱን ያኔውኑ ያቁሙ፣ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የቆዳ ክፍል ይሂዱ። ከወሩ እረፍት በኋላም ካልተሻለዎ ጺሙን በማሽን አሳጥሮ መያዝ ነው የሚሻለው። መሥሪያ ቤትዎ፣ በተለይ ለጥምቀት እንግዳ ሲበዛ፣ ተላጭተህ ካልመጣህ የሚል ከሆነ ያከመዎትን ሐኪም የሕክምና ማስረጃ ይጠይቁ፤ በቂ ምክንያት ነው፣ ይጽፍልዎታል።