ቀን ቀን የሚቋረጥ ቻርጅ፦ ጥፋቱ የባትሪው ነው ወይስ የሶኬቱ?

አንድ አንባቢ እንዲህ ሲሉ ጽፈውልኛል፦ «ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና ከገዛሁ አምስት ወሬ ነው። የምኖርበት አካባቢ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ 42 ዲግሪ ይደርሳል። መኪናዬ ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ይቆማል፤ ቻርጅ የማደርገውም ከመኪናው ጋር በመጣው ተንቀሳቃሽ ቻርጀር፣ በረንዳ ላይ ካለው ተራ ሶኬት ነው። ሌሊት ያለ ችግር ይሞላል፤ ቀን ግን ከአንድ ሰዓት በኋላ ይቋረጥና ቀይ መብራት ይበራል። የቻርጀሩ ወንዴ ሶኬት እጅ ያቃጥላል፣ ጠርዙም ቡናማ ሆኗል። ፈጣን ቻርጀር ላይ ስሰካው ደግሞ በ70 ኪሎዋት ይጀምርና በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ወደ 30 ይወርዳል። አንድ መካኒክ ባትሪው በሙቀት ስለተጎዳ መቀየር አለበት አለኝ። ምን ይመክሩኛል?»

ባትሪውን አይቀይሩ። የበረንዳውን ሶኬት ግን ከዛሬ ጀምሮ ለመኪናው አይጠቀሙበት። በደብዳቤዎ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ሙቀቶች ተደባልቀው ቀርበዋል፤ አንዱ የባትሪው፣ ሌላው የግድግዳው ነው። ባትሪው ብዙ ጠባቂ አለው፤ የሙቀት መለኪያዎች በውስጡ ተበትነዋል፣ መቆጣጠሪያ ኮምፒውተሩ በየቅጽበቱ ያነብባቸዋል፣ ሲግል የሚገባውን ኃይል ይቀንሳል፣ በአብዛኞቹ መኪኖች ላይም በፈሳሽ ያቀዘቅዘዋል። ከግድግዳው ውስጥ ያለችውን አንዲት የላላች ብሎን ግን የሚጠብቃት የለም። እኔ በሥራዬ ያየሁት ጉዳት በአብዛኛው ከዚህችው ብሎን የሚነሣ ነው።

ሶኬቱን የሚፈታ ባለሙያ ሲያገኙ አጠገቡ ቆመው ይመልከቱ። ብሬከሩ ጠፍቶ፣ በቴስተርም ኤሌክትሪክ አለመኖሩ ተረጋግጦ ክዳኑ ሲነሣ፣ ከሁለቱ ሽቦዎች የአንደኛው ፕላስቲክ ደርቆና ጠቁሮ፣ ሲታጠፍም እንደ ደረቅ ቅጠል ሲሰነጠቅ ሊያዩ ይችላሉ፤ መዳቡም ቀለሙን ለውጦ ይሆናል። ወንዴውን ጨምድደው የሚይዙት የሴቴው ምላሶች ደግሞ በተደጋጋሚ ግለው ልፍስፍስ ብለዋል። ምላሱ ሲላላ የሚነካካው ቦታ ይጠባል፤ ሲጠብ ይግላል፤ ሲግል ይበልጥ ይላላል። ለዚህ ነው ችግሩ ከወር ወደ ወር የሚብሰው እንጂ ባለበት የማይቆመው።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። በአንድ መገጣጠሚያ ላይ የሚፈጠረው ሙቀት ከአምፔሩ ጋር በቀጥታ አያድግም፤ በአምፔሩ ካሬ ነው የሚያድገው። መገጣጠሚያው ለኤሌክትሪክ ፍሰት 0.1 ኦም ያህል ተቃውሞ ቢኖረው፣ በ13 አምፔር 17 ዋት ገደማ፣ በ10 አምፔር 10 ዋት፣ በ6 አምፔር ደግሞ ከ4 ዋት በታች ሙቀት ያወጣል። አሥራ ሰባት ዋት ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ቆርቆሮና እርሳስ አቅልጦ የሚበይደው የሬዲዮ ጠጋኝ መበየጃም ከ25 እስከ 40 ዋት ብቻ ነው። ያንን ኃይል በግማሽ አድርገው የአውራ ጣት ጥፍር በምታህል ቦታ ላይ ለስምንት ሰዓት ያለማቋረጥ ሲያኖሩት ምን እንደሚሆን አሁን በወንዴው ጠርዝ ላይ እያዩት ነው። ተራ ሶኬት ለውኃ ማፍያ ቢጠቀሙበት አምስት ደቂቃ ሠርቶ ያርፋል፤ መኪና ግን ዕረፍት አይሰጠውም።

ሌሊት የሚሠራው ቀን ለምን ይቋረጣል? መገጣጠሚያው ከአካባቢው አየር በ40 ዲግሪ የሚበልጥ ሙቀት አለው እንበል። ሌሊት አየሩ 24 ዲግሪ ሲሆን መገጣጠሚያው 64 ላይ ይቆማል። ቀን በ42 ዲግሪ ላይ ያው 40 ሲጨመር 82 ይሆናል፤ ግድግዳውን ፀሐይ ከመታው ወደ 90 ይጠጋል። ተራው የፒቪሲ ሽቦ ልባስ ደግሞ ለዘለቄታው እንዲችል የተሠራው 70 ዲግሪን ነው። ስለዚህ ሌሊትም ቢሆን ሶኬትዎ ጤነኛ ስለሆነ አይደለም የሚሠራው፤ ለጥቂት ስለሚተርፍ እንጂ።

የቻርጀሩ ጥቁር ሳጥን ራሱም የሚጠየቅበት ነገር አለ። በውስጡ የሙቀት መለኪያ አለ፤ አንዳንዶቹ በወንዴው ውስጥም አላቸው። ሳጥኑ ፀሐይ በሚያገኘው ሲሚንቶ ላይ ከተጋደመ ራሱን ለማዳን አምፔር ይቀንሳል ወይም ያቋርጣል፤ ቀዩ መብራት ይህን የሚናገር ሊሆን ይችላልና ብልጭታውን ቆጥረው ከመመሪያው ጋር ያስተያዩት። ከዚህ የባሰው ሳጥኑ ወለል ሳይነካ በራሱ ሽቦ ከሶኬቱ ላይ ተንጠልጥሎ ሲውል ነው። ክብደቱ ወንዴውን ወደ ታች ይጎትተዋል፣ እግሮቹ ዘመም ይላሉ፣ የላይኛው ምላስ መንካቱን ያቆማል። ግድግዳው ላይ ጥላ ባለበት ቦታ አንድ ማንጠልጠያ መትተው ሳጥኑን በዚያ ይስቀሉት። እርጥብ ፎጣ የሚጠመጥሙበትም አሉ፤ አንድ ደንበኛዬ ይህን በኩራት አሳይተውኝ ፎጣውን ከማንሣቴ በፊት ብሬከር ለማጥፋት ሮጫለሁ።

ሶኬቱን ብቻ ቀይሮ መሄድ ግን ግማሽ ሥራ ነው፤ ከግድግዳው በስተጀርባ ያለው መስመር መለካት አለበት። ባለሙያው ቻርጀሩ ሳይሠራና ሲሠራ በሶኬቱ ላይ ያለውን ቮልት ይለካ፤ በቆጣሪው ዘንድም እንዲሁ ያድርግ። ለምሳሌ ሶኬቱ ላይ 224 የነበረው በ10 አምፔር ሲጫን ወደ 205 ቢወርድ፣ 19 ቮልት ጠፍቷል ማለት ነው። ቆጣሪው ዘንድ የጠፋው 4 ብቻ ከሆነ፣ ቀሪው 15 ቮልት በእርስዎ ግድግዳ ውስጥ ነው የቀረው፤ 15 ቮልት በ10 አምፔር ሲባዛ 150 ዋት ይሆናል። ይህ ሁሉ በአንድ መገናኛ ሳጥን ውስጥ ባለ አንድ ጥምዝ ሽቦ ላይ ሊሆን ይችላል። ቮልቱ ከመጠን በላይ ሲወርድ መኪናውም ራሱ ቻርጅ ማድረጉን ያቆማል።

የምመክረው ከብሬከር ሳጥኑ በቀጥታ ተነሥቶ ለመኪናው ብቻ የሚያገለግል መስመር ነው። ሽቦው ሲመረጥ የሚረሳ ነገር አለ፤ የሽቦ አቅም ሠንጠረዦች የሚወጡት አየሩ 30 ዲግሪ ነው ተብሎ ታስቦ ነው። ዓለም አቀፉ ደረጃ በግድግዳ ላይ ባለ ቱቦ ውስጥ ላለፈ 6 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ 41 አምፔር ይፈቅዳል፤ አየሩ 50 ዲግሪ ሲሆን ግን ይህ በ0.71 ተባዝቶ ወደ 29 ይወርዳል። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ወይም ፀሐይ በሚመታው ግድግዳ ላይ የተዘረጋ ቱቦ 50 ዲግሪ መድረሱ ብርቅ አይደለም። ስለዚህ የ32 አምፔር ግድግዳ ቻርጀር ለማስገጠም ካሰቡ 10 ሚሊ ሜትር ካሬ ያስገቡ፤ ተንቀሳቃሹን ይዘው ለመቀጠል ከፈለጉ ደግሞ 6 ሚሊ ሜትር ካሬ በቂ ነው፤ ጫፉ ላይም ሰማያዊውን ክብ የኢንዱስትሪ ሶኬት እንጂ ተራውን አይግጠሙ፤ ለቻርጀሩም ከዚያ ጋር የሚስማማ ወንዴ ከአምራቹ ይፈልጉለት። ብሬከሩም በሙቀት የሚሠራ ዕቃ ስለሆነ ፀሐይ ላይ ባለ ሳጥን ውስጥ ከተጻፈበት አምፔር በታች ሊወድቅ ይችላል። መፍትሔው ሳጥኑን ወደ ጥላ ማዛወር ነው። «እየወደቀ አስቸገረኝ» ብሎ በትልቅ ብሬከር መተካት ሽቦውን ያለ ጠባቂ መተው ነው፤ ይህን የሚያደርግ ባለሙያ ካጋጠምዎት ያሰናብቱት።

ስለ ምድር ሽቦም አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ቻርጀሮች ምድር ካላገኙ ሥራ አይጀምሩም። ይህን ለማታለል ሶኬቱ ውስጥ ኒውትራሉን፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ የሚመለስበትን ሽቦ፣ ከምድሩ ጋር በአጭር ሽቦ የሚያገናኙ ሰዎች አሉ። በዚያ መስመር ላይ ኒውትራሉ አንድ ቀን ቢበጠስ የመኪናው አካል ኤሌክትሪክ ይይዛል፤ በሩን የሚከፍተውን ሰው ሊገድለው ይችላል። ሶኬቱ ሲፈታ እንዲህ ያለ አጭር ሽቦ መኖር አለመኖሩን ያረጋግጡ፤ ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ የሚያጠፋውን አርሲዲ የተባለ መሣሪያም በአዲሱ መስመር ላይ ያስገጥሙ።

አዲሱ መስመር እስኪዘረጋ መኪና ያስፈልግዎታልና፣ ጤነኛ መሆኑ የተረጋገጠ ሌላ ሶኬት ካለ፣ የተቃጠለው ወንዴም ከተቀየረ በኋላ፣ አምፔሩን ወደ 8 ዝቅ አድርገው በሌሊት ብቻ ቻርጅ ያድርጉ። 8 አምፔር በ230 ቮልት 1.8 ኪሎዋት ነው፤ በስምንት ሰዓት ውስጥ ብክነቱ ተቀንሶ ወደ 12 ኪሎዋት ሰዓት ይሰጣል፤ ይህ ለመካከለኛ መኪና 70 ኪሎ ሜትር ያህል ያስኬዳል። የኤክስቴንሽን ገመድ አይጠቀሙ፤ በተለይ ተጠቅልሎ የተቀመጠውን። የማቃጠል ሽታ ካለ መጀመሪያ ብሬከሩን ያጥፉ እንጂ እየሠራ ያለውን ወንዴ አይንቀሉ።

አሁን ወደ ባትሪው ልመለስ። ፈጣን ቻርጀሩ ከ70 ወደ 30 መውረዱ ባትሪው እንደሞተ ሳይሆን መቆጣጠሪያው ሥራውን እየሠራ እንደሆነ ነው የሚያሳየው። ባትሪው ብዙ መቶ ኪሎ ግራም የሚመዝን ዕቃ ስለሆነ ቀስ ብሎ ይግላል፣ ቀስ ብሎም ይበርዳል። ቀኑን ሙሉ ከጋለ አስፋልት በላይ ቆሞ፣ ከዚያ በፍጥነት ተነድቶ፣ ከዚያ ደግሞ በፈጣን ቻርጀር ሲሞላ ሦስት ሙቀት ይደራረብበታል። ያንኑ ቻርጀር ጎሕ ሲቀድ፣ መኪናው አድሮ ከበረደ በኋላ፣ ባትሪው 20 በመቶ ገደማ ሆኖ ይሞክሩት። ኃይሉ ከቀኑ የተሻለ ከቆየ መልሱን አግኝተዋል። ከቆሙ በኋላ የሚሰማው የፋን ጩኸትም ማቀዝቀዝ ነው፤ አይረበሹ።

ሙቀት ባትሪን አይጎዳም ማለቴ አይደለም። በሴሉ ውስጥ የሚካሄዱት ያልተፈለጉ ኬሚካላዊ ለውጦች ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር በግምት በእጥፍ ይፈጥናሉ፤ ባትሪው ሙሉ ሆኖ ሲቀመጥ ደግሞ ይብሳሉ። የመጀመሪያዎቹ የኒሳን ሊፍ መኪኖች ባትሪያቸውን የሚያቀዘቅዝ ፈሳሽ ስላልነበራቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ በረሃማዋ አሪዞና ያሉ ባለቤቶች አቅሙ ያለ ጊዜው መውረዱን አስታውቀው ነበር፤ ኩባንያውም ለአቅም መቀነስ ዋስትና ለመጨመር ተገዷል። ስለዚህ የእርስዎ መኪና በፈሳሽ የሚቀዘቅዝ መሆኑን ከመመሪያው ያረጋግጡ። ከሆነ፣ ፊት ለፊት ያለውን ራዲያተር ከአቧራ በቀስታ በሚፈስ ውኃ ያጽዱ፤ ፈሳሹ ሲጎድል ግን የቧንቧ ውኃ እንዳይጨምሩ፤ አንዳንድ መኪኖች ኤሌክትሪክ እምብዛም የማያሳልፍ ልዩ ፈሳሽ ነው የሚጠቀሙት።

ዋናው ልማድ መሙላቱን ከመነሻዎ ሰዓት ጋር ማስተካከል ነው። ጠዋት 1 ሰዓት የሚወጡ ከሆነ ቻርጁ ማታ እንደገቡ ሳይሆን ከሌሊቱ 6 ወይም 7 ሰዓት እንዲጀምር በመኪናው ስክሪን ላይ ሰዓት ይሙሉ፤ አየሩም ባትሪውም ይበርዳሉ፣ ባትሪውም ሞልቶ የሚቆይበት ጊዜ ያጥራል። ባትሪዎ ኒኬል ያለበት ዓይነት ከሆነ ለዘወትር 80 በመቶ ላይ ያቁሙት። ኤልኤፍፒ የሚባለው የብረትና ፎስፌት ዓይነት ከሆነ ሙቀትን በተሻለ ይችላል፤ ኮምፒውተሩ ግን የቀረውን መጠን በትክክል እንዲያውቅ አምራቾች ብዙ ጊዜ በሳምንት አንዴ እስከ 100 እንዲሞላ ይመክራሉ፤ ያንን ቀን ሊነሡ ሲሉ ያድርጉት እንጂ ሞልቶ ፀሐይ ላይ አይዋል።

የመካኒኩን ግምት በሚዛን ለመፈተን አዲሱ መስመር ላይ ንዑስ ቆጣሪ ያስገጥሙ። ባትሪው አዲስ ሳለ 60 ኪሎዋት ሰዓት ከነበረ፣ ከ20 እስከ 80 በመቶ ለመሙላት 36 ያስፈልገዋል፤ በቻርጅ ጊዜ ከሚባክነው ጋር ቆጣሪው 40 ወይም 41 ያነብባል። 36 ወይም 37 ካነበበ ባትሪው አሥር በመቶ ያህል ቀንሷል፤ ይህ ላገለገለ መኪና ያለ ነው። 29 ካነበበ ግን የዋስትና ወረቀቱን ያውጡ፤ ብዙ አምራቾች 8 ዓመት ወይም 160,000 ኪሎ ሜትር እስኪሞላ አቅሙ ከ70 በመቶ በታች እንደማይወርድ ዋስትና ይሰጣሉ። ፈተናውን ሁለት ሦስት ጊዜ ይድገሙት፤ ስክሪኑ ላይ የሚታየው መቶኛ ራሱ ግምት ነውና።

መስመሩ ከተሠራ በኋላ በመጀመሪያው ቀን፣ ቻርጁ አንድ ሰዓት ከሄደ ወዲያ፣ ወንዴውን ከውጭ በእጅዎ ጀርባ ይንኩት። ለብ ቢል ደግ ነው፤ አምስት ሰከንድ መታገሥ ካቃተዎት ያጥፉና ባለሙያውን ይመልሱት። ወንዴው ለብ ብሎ፣ ሳጥኑ ጥላ ሥር ተሰቅሎ፣ ቮልቱም ሳይወርድ ቀን ላይ አሁንም የሚቋረጥ ከሆነ፣ በስክሪኑ ላይ የሚወጣውን የስህተት ቁጥርና የተቋረጠበትን ሰዓት ጽፈው ይላኩልኝ።